እንዶድ፦ ከልብስ ማጠቢያ ወንዝ እስከ ዩኒቨርሲቲ ግቢ

ሰሞኑን በየዩኒቨርሲቲው «አረንጓዴ ግቢ» የሚል ነገር በርትቷል። ችግኝ ይተከላል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይለቀማል፣ የጽዳትና ውበት ኮሚቴ ይቋቋማል። ወደ ራሱ ወደ ጽዳቱ ስንመጣ ግን ነገሩ ያው ነው፤ መጸዳጃ ቤቱ በበረኪና፣ ወለሉ በፈሳሽ ሳሙና፣ የተማሪው ልብስ በኦሞ። ይሄን ባነሳሁ ቁጥር አንድ ሰው አይጠፋም፣ «እንዶድ አለ አይደል እንዴ? የአያቶቻችን ሳሙና! ተፈጥሮ ነው፣ ምንም አይጎዳም» የሚል።

የዚህ አባባል ግማሹ ልክ ነው። እንዶድ የአያቶቻችን ሳሙና ነው፣ ልብስም ያነጣል። «ምንም አይጎዳም» የሚለው ግን ታሪኩን ገልብጦ ማንበብ ነው። እንዶድ በዓለም የሳይንስ መጽሔቶች ላይ ስሙ የተነሳው ልብስ ስላነጣ አይደለም፤ ስለገደለ ነው።

እኔ ከማውቀው አገር ልጀምር። ራቤል በሰሜን ሸዋ የግሼ ከተማ ናት፤ መንዝና ግሼ እየተባለ በአንድ ላይ በሚጠራው ደጋ ውስጥ። አገሩ የበግ አገር ነው። ባናውም፣ ዝተቱም፣ በርኖሱም ከበግ ጸጉር ይሠራል። የበዓል ልብስ ግን ጥጥ ነው፤ ጋቢ፣ ኩታ፣ ነጠላ። ነጭ ልብስ ደግሞ ነጭ ሆኖ መቆየት አለበት። ሳሙና ሱቅ ሳይገባ፣ ከገባም በኋላ ገንዘብ ላጠረው ሰው፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ልብስ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ዘለላው ገና አረንጓዴ ሳለ ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል። ከዚያ ልብሱ ወንዝ ዳር ዝርግ ድንጋይ ላይ በእግር ይረገጣል፣ ይለቀለቃል፣ ሣር ላይ ይሰጣል። አያቴ «ፍሬው ከቀላ አረፋው ይሰንፋል» ትል ነበር። እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ አረንጓዴውን መልቀምና በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍን፣ ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋቸዋለን።

ተክሉ ፊቶላካ ዶዴካንድራ የሚል ሳይንሳዊ ስም አለው፤ በትግርኛ ሽብቲ፣ በኦሮምኛ አንዶዴ ይባላል። በኢትዮጵያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1600 እስከ 3000 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ፣ በአጥርና በቁጥቋጦ መሀል እየተንጠላጠለ ይበቅላል። እንግዲህ የመንዝና የግሼ ሜዳ ለእንዶድ የላይኛው ድንበር ነው ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ነበሩ። ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ጨርሰው ከተመለሱ ብዙም አልቆዩም፣ ዕድሜያቸውም ሠላሳ አልሞላም። የሄዱበት ጉዳይ ቢልሃርዚያ ነው። ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ትል ሕይወቱን የሚጨርሰው በሁለት ቤት ነው። እንቁላሉ ከሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ተፈልፍሎ አንድ የተወሰነ ዓይነት ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ይባዛል፣ ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሌለ በሽታው አይተላለፍም። ስለዚህ አክሊሉ ወንዝ ወንዙን እየተከተሉ ቀንድ አውጣ ይቆጥሩ ነበር።

ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሞተ ቀንድ አውጣ በብዛት ተንሳፎ አዩ። እዚያው ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷን ለምነው፣ ሕያው ቀንድ አውጣ ያለበት ዕቃ ውስጥ የእንዶድ አረፋዋን እንድትጨምርላቸው አደረጉ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ሙከራው ይኸው ነው፤ ከአንድ ዕቃና ከአንዲት ልብስ አጣቢ ሌላ መሣሪያ አላስፈለገውም። ይህን የላቦራቶሪ በጀት አጥሮት ለሚያማርር የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ እኔን ጨምሮ፣ ማስታወስ አይከፋም።

ለመሆኑ ይህ ነገር ለምን አድዋ ላይ ታየ? ራቤልም እኮ በእንዶድ ታጥባለች። መልሱ ከፍታው ላይ ያለ ይመስለኛል። በአገራችን የአንጀት ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ብርድ አይወድም፤ በሽታው በብዛት የሚገኘው በግምት ከ2200 ሜትር በታች ነው። አድዋ ወደ 1900 ሜትር ላይ ናት፤ እንዶዱም ቀንድ አውጣውም እኩል ይመቻቸዋል። የመንዝ ደጋ ደግሞ 3000 ሜትር አካባቢና ከዚያም በላይ ነው። እዚያ ወንዝ ዳር ከእንዶድ አረፋ በታች ተንሳፎ የሚታይ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ መጀመሪያውኑ የለም። ከራቤል ተወርዶ በየገደሉ ሥር ወዳሉት ቆላማ ሸለቆዎች ሲደረስ ደግሞ ታሪኩ ሌላ ይሆናል። የደጋ ሰው «እንዶድ ምንም አይገድልም» ቢል አይፈረድበትም፤ ባየው መጠን እውነቱን ነው።

ወደ ኬሚስትሪው እንግባ። እንዶድን የሚያስረፋው ሳፖኒን የሚባል የንጥረ ነገር ቤተሰብ ነው። የሳፖኒን ሞለኪውል አንድ ወገኑ ስብ ይወዳል፣ ሌላው ወገኑ የስኳር ሰንሰለት ስለሆነ ውሃ ይወዳል። ልብስ ላይ ያለውን የቅባት እድፍ በአንድ እጁ ይይዛል፣ በሌላው ውሃውን ይይዛል፣ እድፉም ተነስቶ ይሄዳል። ሳሙናም፣ ኦሞም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ችግሩ የሕያዋን ሕዋስ ሽፋንም የተሠራው ከስብ መሆኑ ነው። ሳፖኒን የሕዋሱ ሽፋን ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል ጋር ይያያዝና ሽፋኑን ይበሳዋል። ቀይ የደም ሕዋስ የእንዶድ ውሃ ውስጥ ቢገባ ይፈነዳል። ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ስስ ቆዳ ወይም ስንጥብ ያለው እንስሳ ደግሞ ከውሃው የሚሸሽበት የለውም። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ብቻ ሳይሆን ዓሣንም ይገድላል። እድፍ የሚያነሳውና ቀንድ አውጣ የሚገድለው አንድ ባሕርይ ነው፤ አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው ቀላል አይደለም።

ቀላል አይደለም አልኩ እንጂ አይቻልም አላልኩም። አሁን ወደ ቀዝቃዛው ውሃ እንመለስ። ፍሬው ሳይነካ በውስጡ ያለው ሳፖኒን በአብዛኛው በሁለት ወገን ስኳር የተሸከመ ነው፤ በዚህ ሁኔታው ቀንድ አውጣን የመግደል አቅሙ ደካማ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ግን እዚያው ፍሬው ውስጥ የነበረ ኢንዛይም ይነቃና በአንድ ወገን ያለውን ስኳር ይቆርጠዋል። ባለ አንድ ወገን ስኳር የሆነው ሳፖኒን ነው ገዳዩ። ከእነዚህ አንዱን በአሜሪካ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች በ1970ዎቹ ለይተው ሲያወጡት በአክሊሉ ስም «ለማቶክሲን» ብለውታል። ፍሬው በአልኮል ከተጨመቀ ወይም በቀጥታ የፈላ ውሃ ውስጥ ከተጨመረ ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይጨርስ ይቆማል። ይህ በ1980ዎቹ ሲታወቅ፣ በውሃ የተዘጋጀው እንዶድ በአልኮል ከተዘጋጀው ለምን እንደሚበረታ ግልጽ ሆነ። በእኛ በኢንጂነሮች ቋንቋ ብናወራ፣ በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ ማጠቢያ ማዘጋጀት ብቻ አልነበረም፤ ሪአክተር ነበር። አረንጓዴውን የመልቀሙ ነገርም እንዲሁ፤ ሳፖኒኑ የሚበዛው ፍሬው ከመብሰሉ በፊት ነው።

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የሚጠራው ተቋም ያ ነው። ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት የአድዋ ወንዞች በእንዶድ ታከሙ። ውጤቱ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው። በከተማው የቢልሃርዚያ ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ልጆች ደግሞ ከ50 ወደ 7 በመቶ። የልጆቹ ቁጥር ነው ዋናው፤ ትልቅ ሰው ከድሮ የያዘውን ትል ተሸክሞ ሊኖር ይችላል፣ ትንሽ ልጅ ግን የሚያሳየው አሁን ወንዙ ውስጥ ያለውን ነው።

ሥራው የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየክፍለ ሀገሩ የእንዶድ ዓይነት እየሰበሰቡ፣ እየተከሉ፣ እያወዳደሩ ጠንካራውን መረጡ። «ዓይነት 44» የሚባለው ከዚያ ወጣ፤ ኋላ ከኢትዮጵያ ውጭም ተተክሏል። ይህ ዓይነቱ ሥራ ጋዜጣ ላይ አይወጣም። እንዶድ ወንዴና ሴቴው በተለያየ ግንድ ላይ ስለሆነ ከዘር የሚበቅለው እናቱን ላይመስል ይችላል፤ የተመረጠውን ዓይነት ለመጠበቅ ቅርንጫፍ እየቆረጡ መትከል ያስፈልጋል። ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ወሰዱ።

ከግኝቱ እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት ነው። በመሀል ምን ሆነ? ባጭሩ፣ ማንም አላመናቸውም ለማለት ይቀላል፤ እውነቱ ግን ትንሽ ውስብስብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ለጋሾች አንድ ነገር ወንዝ ውስጥ ከመጨመሩ በፊት በተመሰከረለት ላቦራቶሪ የመርዛማነት ምርመራ እንዲደረግለት ይጠይቁ ነበር። ያ ምርመራ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፣ በኢትዮጵያ ደግሞ የተመሰከረለት ላቦራቶሪ አልነበረም። በውድ የውጭ ምንዛሪ ከሚገዛው የፋብሪካ መድኃኒት ጀርባ ትልቅ ኩባንያ ቆሟል፤ ከእንዶድ ጀርባ ማንም ኩባንያ የለም፣ አጥር ላይ የሚበቅልን ነገር ማን ይነግድበታል? አክሊሉ ይህን በምሬት ይናገሩ ነበር፣ ምሬታቸውም ተገቢ ነበር። በመጨረሻ በካናዳ የልማት ምርምር ማዕከል ገንዘብ ምርመራው ተደረገና ውጤቱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ታተመ። ዓይንን ክፉኛ ይቆጣል፣ ዓሣ ይገድላል፣ በሌላው በኩል ግን ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል።

እኔ ግን ጥያቄው ራሱ ስድብ ነበር ብዬ አላምንም። ለሺህ ዓመት ልብስ ታጥቦበታል ማለትና ወንዙን በሙሉ ለዓመታት አክመንበታል ማለት አንድ አይደለም። መጠኑ ሲቀየር ጥያቄውም ይቀየራል። ያሳዘነው ነገር ጥያቄው መነሳቱ ሳይሆን መልሱን የማዘጋጀት ዕዳ አቅም በሌለው ትከሻ ላይ መውደቁ ነው። እስከዚያው ድረስ ደግሞ ፕራዚኳንቴል የሚባለው እንክብል መጣ። ሰውየውን አንዴ አክሞ መላክ ወንዝ ከመጠበቅ ቀለለ፣ ቀንድ አውጣን የማጥፋት ሥራም በየአገሩ ወደ ጓሮ ተገፋ።

አንድ ሌላ ዩኒቨርሲቲም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዜብራ መስል የሚባሉ ትናንሽ ዛጎል ለበስ እንስሳት ከጥቁርና ከካስፒያን ባሕር አካባቢ በመርከብ ውሃ ተጭነው የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ገቡ፤ የውሃ መሳቢያ ቱቦዎችን እየደፈኑ አስቸገሩ። ኤሪ ሐይቅ ዳር ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአክሊሉ ጋር ሆነው እንዶድን ሞከሩ፣ ሠራ። ዩኒቨርሲቲውም ፓተንት አገኘ። ከፈልሳፊዎቹ መካከል የአክሊሉ ስም አለ፤ የመብቱ ባለቤት ግን ዩኒቨርሲቲው ነው። የአድዋ አጣቢዎች የትም የሉም። ይህ ጉዳይ የታዳጊ አገሮች ሀብትና እውቀት እንዴት ይጠበቅ በሚለው ክርክር ደጋግሞ ይጠቀሳል። ኢትዮጵያም ኋላ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የተመለከተ ሕግ አወጣች። አክሊሉ አዋጁን አላዩም፤ እ.ኤ.አ. በ1997 አርፈዋል።

የፋብሪካውን ማጠቢያ ታሪክ በአጭሩ እንየው፣ ምክንያቱም ልክ በዚያው ዘመን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፉት የዱቄት ማጠቢያዎች ሞለኪውላቸው ቅርንጫፍ የበዛበት ስለነበር ባክቴሪያ ሊበላቸው አቃተው። የአውሮፓ ወንዞች በአረፋ ተሸፈኑ። ምዕራብ ጀርመን በ1961 ሕግ አወጣች፣ ሕጉ በሥራ ላይ የዋለው በ1964 ነው። አክሊሉ አድዋ ወንዝ ዳር በቆሙበት ዓመት ማለት ነው። ኢንዱስትሪውም ቅርንጫፍ ወደሌለው፣ ባክቴሪያ ሊበላው ወደሚችል ሞለኪውል ዞረ። ቀጥሎ የመጣው የፎስፌት ችግር ነበር፤ ያው ኤሪ ሐይቅ በ1960ዎቹ በዋቅላሚ የታነቀበት። በዚህ ሚዛን ከታየ እንዶድ አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይበሰብሳል። ያ ሁለት ሦስት ቀን እስኪያልፍ ግን መርዝ ነው።

እስቲ ግቢ ውስጥ እናስገባውና እናስላው። ግምቶቹ የእኔ ናቸው፣ የፈለገ ይቀይራቸው። አንድ ሺህ ተማሪ በሳምንት አንዴ፣ እያንዳንዱ በ10 ሊትር ውሃ 50 ግራም የእንዶድ ዱቄት በጥብጦ ልብሱን ቢያጥብ፣ በሳምንት 50 ኪሎ እንዶድ ይሆናል። ቀንድ አውጣ ለመግደል በሊትር ጥቂት አሥር ሚሊግራም ይበቃል፤ 25 እንበል። 50 ኪሎ ሲካፈል ለ25 ሚሊግራም 2 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ይወጣል። በበጋ በሴኮንድ 20 ሊትር የሚወርድባት የግቢ ጅረት በአንድ ሙሉ ቀን የምታፈሰው 1.7 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ነው። ተማሪ ደግሞ ልብሱን የሚያጥበው ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁሉም በአንዴ ነው። ስለዚህ ጅረቷ ቅዳሜን ሙሉ ለውሃ እንስሳ መርዝ ሆና ትውላለች ማለት ነው። የእንቁራሪት እጭም፣ ዓሣም፣ ካለ። ራቤል ወንዝ ዳር አንዲት እናት ለበዓል ሦስት ጋቢ ስታጥብ ግን ወንዙ ይችለዋል። ልዩነቱ ተክሉ ላይ አይደለም፤ የሰዉ ብዛትና የውሃው ማነስ ላይ ነው።

መፍትሔው እንዶድን መተው ነው ብዬ አላስብም። አንደኛ፣ እጣቢው ወደ ጅረት ሳይሆን ወደ መሬት ይሂድ። ሦስት ቀን ጉድጓድ ውስጥ ቆይቶ ለባሕር ዛፍ ወይም ለሣር ቢለቀቅ ባክቴሪያው ሥራውን ይሠራል። ከዚህ የተለየ ዘዴ የሚጠይቅ አይደለም፣ ቦይና ጉድጓድ መቆፈር ነው። ሁለተኛ፣ ሰው ይጠንቀቅ። ዱቄቱ ሲወቀጥ ዓይንና አፍንጫ ይሸፈን፣ መጠጥ ውሃ አጠገብ አይደረስ፤ ለሆድ መድኃኒት ተብሎ የሚጠጣበትን ልማድማ ጭራሽ አላነሳውም፣ ሰው ይጎዳል። እንዶድ የመጸዳጃ ቤት ጀርም ማጥፊያን እንደሚተካም አይታሰብ። እዚያ በረኪና ይቆይ፤ ብቻ መጠኑ ተለክቶ፣ ከአሲድ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ ሳይደባለቅ። ሁለቱ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋን ሳንባ ነው የሚያቃጥለው። ለድስትና ለእንስራ ሌላም ነገር አለ፤ እናቶች የጠላ ዕቃ በግራዋ ቅጠል ያጥባሉ፣ ድስት በአመድ ይፈትጋሉ። አመድ ውስጥ ያለው ካርቦኔት ቅባት ይሰብራል፣ የካፌ ማዕድ ቤት ቢሞክረው አይጎዳም።

ሦስተኛውና እኔን የሚያጓጓኝ ግን ያ ኢንዛይም ነው። አክሊሉ ለማ ገዳይነቱ እንዲበዛ ፈለጉ፣ ስለዚህ ቀዝቃዛው ውሃ ለእሳቸው ትክክል ነበር። እኛ የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ አረፋው ይኑር፣ ገዳይነቱ ይቀንስ። ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውሃ ከሚዘፈዘፍ በቀጥታ የፈላ ውሃ ውስጥ ቢጨመር ኢንዛይሙ ይሞታል፣ ሳፖኒኑም ባለ ሁለት ወገን ስኳር እንደሆነ ይቀራል። ያ ዓይነቱ ቀንድ አውጣ ላይ ደካማ መሆኑ የታወቀ ነው። ጋቢ ላይስ እድፍ የማንሳት አቅሙ ምን ያህል ይቀንሳል? ይህን ለመፈተን የሚያስፈልገው የፈላ ውሃ፣ ሁለት ባልዲ፣ በእኩል የቆሸሸ ሁለት ጨርቅና ጥቂት ቀንድ አውጣ ነው። አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ይጨርሰዋል።